አባቴ ጋሻ ሲያጥብ

ሮድስ ደሴት ላይ፣ ከወደቡ ሽቅብ፣
ጠባብ መንገድ አለ፣ ግንቡ ጋሻ የሚያብብ።
ከየበሩ ራስ ላይ ንስር ክንፉን ዘርግቶ፣
አንበሳው በሁለት እግሩ በቁጣ ተነስቶ፣
መስቀሉ፣ ቁልፉ፣ ማማው፣ ባንድ ረድፍ ተሰልፈው፣
የማን ዘር እንደሆኑ ያወራሉ፣ አላፊውን ይዘው።

አባቴ ጻምቢኮስ ከእንጨት መወጣጫው ላይ፣
ጀርባው ለባሕር፣ ፊቱ ለግንብ፣ አናቱ ለፀሐይ፣
የአምስት መቶ ዓመት ጥቀርሻና ጨው፣
የርግብ ኩስ፣ የሸረሪት ድር፣ የወፍ ጎጆ ገለባው፣
በጥርስ ብሩሽ ይፍቃል፣ እንደ ሕፃን አፍ ይዞ በተራው።

እኔ ከታች ቆሜ ባልዲ አቀብላለሁ፤
አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ብዙ እጠይቃለሁ።
«አባዬ፣ የዚህ አንበሳ ፊቱ የት ሄደ?»
«ነፋስ በላው፣ አሲሚና፣ ከባሕር የነጎደ።»
«ባለቤቱስ?» «ፈረሰኛው? እሱማ ቀድሞ ተበልቷል።
አንድ ጋሻ ለደረቱ፣ አንድ ጋሻ መሬት ይዟል፤
የደረቱ ዝጎ አለቀ፣ የመሬቱ ተሸጧል፣
የድንጋዩ ብቻ ቀረ፤ እሱን አባትሽ ያጥባል።»

ቀትር ላይ ይወርዳል፣ ዳቦና ወይራ ይዞ፣
ወሬው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሦስት ሺህ ዓመት ተጉዞ።
«የጥንቶቹ» ይላል፣ «ስም አልቀረጹም ጋሻ ላይ፤
ፍርሃትን ነው የለጠፉት፤
ጸጉሯ እባብ የሆነች ሴት፣ ያያት የሚሆን ድንጋይ።
ምስኪን፣ አንገቷ ተቆርጦ እንኳ አላረፈችም፤
በሌላ ሰው ደረት ላይ፣ ለሌላ ሰው ጠብ፣ ዓይኗን አልከደነችም።»

እኔ ግን የምወደው የአንካሳውን ተረት ነው፣
የአማልክቱን አንጥረኛ፣ እናቱ ከሰማይ የወረወረችው።
አንዲት እናት ለልመና መጣች፣ ልጇ እንደሚሞት እያወቀች፣
«ብቻ ጋሻ ሥራልኝ» አለች፣ «ሌላውን ተወው» አለች።
እሱም ወናፍ አናፋ፣ ነሐሱን አጋለ፣
ጦር ሜዳ በሚሄድ ጋሻ ላይ በሬና አራሽ ሣለ።
ሠርግ ሣለ፣ ዳኛ ሣለ፣ ወይን የሚለቅሙ ልጆች፣
የሚጨፍሩ ጎረምሶች፣ የተያያዙ እጆች፣
ዳር ዳሩን ውቅያኖስ፣ አናቱ ላይ ጨረቃ፤
ያ ጎረምሳ ዓለሙን አንግቦ ሄደ፣ ሞቱን ሊያነቃ።
ጋሻው ተረከዝ አይደርስም። ወደቀ። ሳይደርቅ ደሙ፣
ጓዶቹ ለጋሻው ውርስ ተሟገቱ፣ ተቃቃሙ፤
ያልደረሰው በግ አረደ፣ ጠላት መስሎት በሕልሙ።

«አያቴም አንካሳ ነበር» እላለሁ። አባቴ ዝም ይላል።
ወይራውን ያኝክና ፍሬውን ለድመት ይወረውራል፤
ድመቷ ታሸታለች። ትሄዳለች።

ሳራንዲስ፣ አያቴ፣ ከሲሚ የመጣ ጠላቂ፣
ስፖንጅ ከባሕር ወለል በቢላ ፈልቃቂ፣
አንድ ቀን ቶሎ ወጣ፤ ባሕሩ እግሩን አስቀረ፤
ከዚያ ወዲያ ደጃፍ ላይ የሚያፈስ ድስት ሲበይድ ኖረ።
ሥራ ሲፈታም መዶሻው ዝም አይልም ነበርና፣
ለልጁ ጋሻ ሠራለት፣ የመዳብ ክዳን አነሳና።
ጋሻ መሬት አልነበረው፣ በሬ የለው፣ ወይን የለው፤
የሚያውቀውን መታበት፦
ጀልባዋን፣ በገመድ ላይ ኦክቶፐስ ፀሐይ የሚያደርቀው፣
የሚስቱን የተሰጣ ቀሚስ፣ ነፋስ ገብቶ ሲሞላው፣
ከታች ደግሞ አንድ ጠላቂ፣ ራሱ ቁልቁል፣ ገና ያልወጣው።

አባቴ በሱ ተዋግቷል ከጎረቤት ልጆች ጋር፤
ጎኑ ላይ ያለው ጭርምት የዚያ ዘመን የድንጋይ ጦር።
ከዚያ አደገ። ክዳኑም ወደ ድስቱ ተመለሰ።

«በራችን ላይ እንስቀለው?» አልኩት። ሳቀ፣ ብሩሹን አነሳ።
«ሽምብራው በምን ይከደን?» ወጣ፤ ይጠብቀው ነበር አንበሳ።

ማታ ቤት ስንገባ ድስቱ ይፈላ ነበር፤
ክዳኑ በእንፋሎት ሲነሳ፣ ሲወድቅ፣ ሲንተከተክ፣ ሲናገር፣
በጠላቂው ጀርባ ላይ ጠብታ ወረደች በዝግታ፤
እናቴ በጨርቅ ይዛ አነሳችው፣ ደረቷ ላይ፣ ላንዳፍታ።